ገና ገጽ 180 ላይ ነኝ፤ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

«የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። በሰፈራችን በወር አንድ እሑድ የምንገናኝ ዘጠኝ ሰዎች አለን። ቡና ይፈላል፤ ስላነበብነው መጽሐፍ እንጨዋወታለን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በዚህ ዙር የተመረጠው ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ነው። ከእኔና ከአንድ ወጣት በቀር ሁሉም ቀደም ብለው አንብበውታል። ባለፈው እሑድ ጋሼ ‹እስቲ አንቺስ?› ሲሉኝ ገጽ 180 ላይ ነበርኩ። የተሰማኝን ተናገርኩ፤ አጀማመሩ እንደ ረዘመብኝ፣ በዛብህን እንዳልወደድኩት፣ ጉዱ ካሣ አፉን በከፈተ ቁጥር ስብከት የምሰማ እንደሚመስለኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ‹ሳይጨርሱ መፍረድ የዘመኑ በሽታ ነው› አሉ። አንዷ ደግሞ ‹ታገሺ እንጂ› ብላ መጨረሻውን ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ላነሣው እጄ አይታዘዝልኝም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ‹ተመለስኩበት፤ ግሩም ነው› ብዬ ልዋሽ አስቤአለሁ። በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለብኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የመጀመሪያ ልቦለዱን አሳትሞ ፈርሞ ሰጥቶኛል። ገጽ 60 ላይ ቆሜአለሁ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ‹የት ደረስሽ?› ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

ይሉኝታ የያዛት፣ ከጀሞ።»

እህቴ፤ ውሸቱን ተዪው። ይህን የምልሽ ለሥነ ምግባር ብዬ ብቻ አይደለም፤ ውሸቱ አያዋጣሽም። «ግሩም ነው» ካልሽ በኋላ ጋሼ «የትኛው ክፍል?» ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው? መምህር ናቸው፤ ሳይጠይቁ አያልፉሽም።

መጨረሻውን የነገረችሽ ሴት በእኔ ሚዛን ከአንቺ የከፋ ነገር አድርጋለች። አንቺ የተናገርሽው የራስሽን ስሜት ነው፤ እሷ የነካችው የሰው ንባብ ነው። እርግጥ ሀዲስ ዓለማየሁ ገና በርእሱ መቃብር እንዳለ አስጠንቅቀውናል። ቢሆንም ማን፣ መቼ፣ እንዴት የሚለውን ለማወቅ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ አብረናቸው እንድንጓዝ ፈልገው ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ደንብ እንዲወጣ ጠይቂ፤ ከወር እስከ ወር የሚነበበው ገጽ ይወሰን፣ ከዚያ ገጽ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ ሰው አፉን ይያዝ። ሦስት ጊዜ ያነበበውም ቢሆን፤ ይልቁንም ሦስት ጊዜ ያነበበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጋሼ «ሳይጨርሱ መፍረድ» ያሉት ነውር በእርግጥ አለ። አንቺ ግን የፈረድሽ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ልትፈርጂ አላሰብሽም። መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ስለ መጽሐፉ ይናገራል፤ መሀል ላይ ያለ ሰው ደግሞ ስለ ንባቡ ይናገራል። «አጀማመሩ ረጅም ነው» ካልሽ ጨርሰሽ የመዘንሽ ታስመስይዋለሽ። «ገጽ 180 ደርሻለሁ፤ አጀማመሩ ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ አስቀምጬው ተመለስኩ» ካልሽ ግን የምስክርነት ቃል ሰጠሽ። ምስክርን «አላየህም» ማለት ይቻል ይሆናል፤ «አልረዘመብሽም» ሊልሽ የሚችል ሰው ግን የለም።

ይህ ምስክርነት ታዲያ ጊዜው ያልፋል። መጽሐፉን በዘጋሽ ማግስት አጀማመሩን የምታስታውሺው በመጨረሻው በኩል ነው። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ለምን እንደዚያ ተዘርዝሮ እንደ ተተረከ ይገባሻል፤ ከገባሽ በኋላ ደግሞ አሰልቺ ሆኖብሽ እንደ ነበረ ትረሺዋለሽ። ያን ጊዜ «አጀማመሩ አስፈላጊ ነው» ትያለሽ፤ እውነትሽንም ይሆናል። ነገር ግን ገጽ 180 ላይ ሆና የምታዛጋዋ ሴት ከእንግዲህ ተፈልጋ አትገኝም። እዚያ ቤት ከተሰበሰባችሁት ዘጠኝ ሰዎች መካከል ይህ መጽሐፍ ሳይታወቅ ሲነበብ ምን እንደሚመስል የምታውቁት አንቺና ያ ወጣት ብቻ ነበራችሁ። ሰባቱ ረስተውታል። ሰብሳቢ ብሆን ኖሮ አስቀድሜ የማናግረው እናንተን ሁለታችሁን ነበር፤ የሌሎቹ አስተያየት አይጠፋም፣ የዛሬ ዓመትም ያው ነው።

የተናገርሻቸውን ሦስት ነገሮች ደግሞ ላንሣቸው፤ እኩል ክብደት የላቸውምና።

አጀማመሩ ረዘመብኝ ብለሻል። መጨረሻውን እንደ ነገሩሽ ባውቅም እኔ በበኩሌ ልጨምርበት አልፈልግም፤ ስለዚህ ይህን ያህል ብቻ ልበል። ሀዲስ ልጁን ከማምጣታቸው በፊት ወላጆቹን ያመጡት፣ ስለቱንም በዚያ ዝርዝር የተረኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጆች በልጅ ስም የገቡት ቃል ልጁ ካደገ በኋላ ምን ያህል ይከብዳል የሚል ጥያቄ ከፊትሽ ይጠብቅሻል። ነገር ግን ይህን ገጽ 180 ላይ ሆነሽ ልታውቂው አትችይም፤ ማወቅም አይጠበቅብሽም። ረዘመብኝ ካልሽ ረዝሞብሻል። ደራሲው ያንን ርዝመት አምነውበት ጽፈውታል፤ ዋጋውም አንዳንድ አንባቢ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ይህ ዋጋ መከፈሉን መናገር መጽሐፉን ማዋረድ አይደለም።

በዛብህን አለመውደድሽ ለክርክር የሚመች ነው። ሰውየውን ነው ያልወደድሽው ወይስ የተሳለበትን መንገድ? የድኻ ልጅ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው፤ ድንገት ባላባት ቤት ገብቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ አስተምር ተባለ። እንዲህ ያለ ልጅ ቢያጎነብስና ቢፈራ ደራሲው ሰውን ያውቃሉ ማለት ነው፤ አንቺ ደግሞ ፈሪ ሰው አትወጂም ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በልቦለድ ውስጥ የማልወዳቸው፣ ግን ከአእምሮዬ የማይወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ራሳቸው አንዱ ናቸው። በስብሰባው ላይ የትኛውን እንዳልሽ ለይተሽ ብትነግሪያቸው ኖሮ ዝምታው በጫጫታ ይተካ ነበር፤ ለንባብ ስብሰባ ደግሞ ከዝምታ ጫጫታ ይሻላል።

በጉዱ ካሣ ነገር ግን እኔም ከአንቺ ጋር ነኝ። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ካሣ ዳምጤ ግን አንዳንድ ጊዜ አጠገቡ ላለው ሰው የሚናገር ሳይሆን አደባባይ ወጥቶ ጽሑፍ የሚያነብ ይመስለኛል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው የታተመው። ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ዘር ቆጠራና ስለ ልማድ እንዲያ ያለ ነገር ያኔ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ሐሳቡን አገር እንደ ወፈፌ በሚያየው ሰው አፍ ማኖር ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን ንግግሩን አላሳጠረውም። ይህን የሚሉ አንባቢዎች ከአንቺ በፊትም ነበሩ፤ መጽሐፉ እነሱንም ችሎ ዛሬ ደርሷል፤ አንቺንም ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። እዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጉዱ ካሣን ይወደዋል ብዬ እገምታለሁ፤ የሚወደውም ሌላው በይሉኝታ የሚውጠውን እሱ ስለሚናገር ነው። ታዲያ አንዲት ሴት ቡና ላይ የተሰማትን ብትናገር ቤቱ ለምን ጸጥ አለ? ይህን ጥያቄ ለጋሼ እንዳታቀርቢላቸው፤ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።

ስለ ጋሼ ያለኝ ግምት ይህ ነው። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ብዙ ሰዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያገኙት በጆሯቸው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነው፤ የፊታውራሪን ቁጣ ሲቆጣ ይሰማል፣ የሰብለ ወንጌልን ትካዜ ሲተክዝ ይሰማል፣ የገጠሩን ሰው አነጋገር በየዓይነቱ ያውቅበታል። አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽ የምትወጪያቸውን ገጾች ለእነሱ በድምፁ ተሸክሞ አሳልፎላቸዋል። ትረካው የሚቀርበውም ክፍል በክፍል ስለ ነበር ቀጣዩን እየጠበቁ፣ ባለፈው ላይ እየተከራከሩ ነው የጨረሱት። አንቺ ደግሞ ከሥራ መልስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ገጽ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን አራት ገጽ ታነቢያለሽ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የተነበበበት ኑሮ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «ረዘመብኝ» ስትያቸው ጋሼ የሰሙት ስለ ገጾቹ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ስለ አንድ ምሽት፣ ምናልባት አሁን በሕይወት ስለሌሉ ሰዎች ነው የሰሙት። ለዚህ ጥፋተኛ አይደለሽም፤ ብታውቂው ግን አይከፋም።

ከስብሰባው በፊት ደውዪላቸው። የተናገርሽውን አታጥፊ፤ ይቅርታም አትጠይቂበት። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ባለፈው ያልኩት እስከ ገጽ 180 ያለውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እርስዎ መጀመሪያ ሲያገኙት ስንት ዓመትዎ ነበር? አጀማመሩስ እንዴት ሆኖ ነበር የተሰማዎት?» ከዚያ በኋላ ዝም ብለሽ አዳምጪ። መምህር «ንገሩኝ» ሲባል አይኮራም። እሳቸውም ሲያወሩ አንድ ቦታ ላይ «እርግጥ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይንዛዛል» የሚሉ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ እንዳትስቂ።

በአንቺም ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። «የተሰማኝን ተናገርኩ» ብለሽ የዘረዘርሽልኝ ሦስት ነቀፋ ነው። የተሰማሽ ይኸው ብቻ ነው? ማንም ሰው እየተሰላቸ ብቻ 180 ገጽ አይሄድም። የሆነ ነገር እያባበለ ወስዶሻል፤ ምናልባት የገጠሩ ሰዎች ጨዋታ፣ ምናልባት የሠርግና የድግስ ወጉ፣ ምናልባት ሰብለ ምን ትሆን ይሆን የሚለው ነገር። ያንን አልተናገርሽም። ምስጋና ጨምሪበት ማለቴ አይደለም፤ ቅር እንዳይላቸው ማር ቀቢው ማለቴም አይደለም። ግልጽ እሆናለሁ ካልሽ የሳበሽንም የገፋሽንም አውጪው ነው የምለው። ነቀፋውን ብቻ ማውጣት ጎበዝ የሚያስመስል ነገር አለው፤ በተለይ ሁሉም የሚያወድሰውን መጽሐፍ ሲሆን። እውነቱን ንገሪኝ፣ ትንሽ አላማረሽም?

አንዳንዶች «ፊት ለፊት መናገር ከውጭ የመጣ ጠባይ ነው፤ የእኛ ባህል ይሉኝታ ነው» ይላሉ። አልቀበላቸውም። ቅኔ ቤትን ይርሱታል። ተማሪው ብቻውን ዋሻ ለዋሻ፣ ዛፍ ለዛፍ ሲያስብ ውሎ የቆጠራትን ጉባኤ ቃና መምህሩ ፊት ያቀርባል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። መምህሩ እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ይህ ቃል ቦታው አይደለም፣ ይህ ምሥጢር አልተያያዘም ይሉታል፤ ያቃኑለታል። ይቀየም ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ሀዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጎጃም የቅኔ ቤቶች የተማሩ ናቸው፤ በዛብህንም በዚያው መንገድ አሳልፈውታል። ጋሼም ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ይሉኝታው የበረታው ሌላ ቦታ ነው፤ በመጽሐፍ ምረቃ መድረክ ላይ። ተናጋሪው ይነሣል፤ «መጽሐፉ የደረሰኝ ትናንት ማታ ስለሆነ ገና አልጨረስኩትም» ይላል፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያወድሰዋል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሳይጨርሱ መፍረድ የዘመኑ በሽታ መሆኑን እዚያ ማንም አያነሣም። እንግዲህ ሳይጨርሱ ማመስገን ከተፈቀደ ሳይጨርሱ «ከበደኝ» ማለት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ወይ ሁለቱም ይከልከሉ፣ ወይ ሁለቱም ይፈቀዱ። እኔ ይፈቀዱ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ተናጋሪው የደረሰበትን ገጽ አስቀድሞ እስከ ተናገረ ድረስ።

ከማወራልሽ ላሳይሽ። እኔ በዚህ ሰሞን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እየደገምኩ ነው፤ ሲሶው ላይ ነኝ። እስከ አሁን ያለኝ ይህ ነው። ንግግር በንግግር ላይ ሲደራረብ ማን እንደ ተናገረ ለማወቅ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ሁለት ቦታ ላይ ከራሴ ስንፍና ይሁን ከመጽሐፉ መለየት አቅቶኝ ዘልያለሁ። የአገሬው ሰዎች ሲጨዋወቱ ግን አማርኛው ጮክ ብለሽ ካላነበብሽኝ ይላል፤ ባለቤቴን ከማድ ቤት እየጠራሁ አነብላታለሁ። አደፍርስ የተባለው ተማሪ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ገጠር ገብቶ ሲከራከር ልቤ ከእሱ ጋር ይሁን ከተከራካሪዎቹ ጋር ገና አልወሰንኩም፤ ደራሲውም እንድወስን የሚፈልግ አይመስለኝም። የዛሬ ወር ብትጠይቂኝ ሌላ ነገር እልሽ ይሆናል። እንዲህ ስልሽ ምንም የደበቅኩት የለም፤ በመጽሐፉም ላይ አልፈረድኩም።

ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት ለጉዳይሽ ስለሚስማማ ነው። በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ብዙ አንባቢ ከበደው፤ አካሄዱም ቋንቋውም እንግዳ ሆነበት። ዳኛቸው ቀጣዩን ልቦለዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 ውጭ አገር አሳተመ። ዛሬ «አደፍርስ»ን ተቺዎች ከአማርኛ ልቦለዶች ከፊተኞቹ ተርታ ያሰልፉታል። የዚያን ዘመን አንባቢ ግን አልዋሸም። ከብዶታል፤ እኔንም ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይከብደኛል። ነገር የሚበላሸው «ከበደኝ» የሚለው እውነት በአንድ ምሽት ወሬ «አይረባም» ወደሚል ፍርድ ሲዞር፣ ሁለተኛው ሰው ደግሞ መጽሐፉን ሳይከፍት ያንን ፍርድ ሲያስተላልፍ ነው። አንቺም በሚቀጥለው ጊዜ ስትናገሪ ቃልሽን ተቀብሎ ሌላ ቦታ የሚወስድ ሰው እንዳለ አስቢ፤ ገጹን አብረሽ ከነገርሽው ቢያንስ ያንን ጨምሮ ይወስደዋል።

አንድ ልማድ ልምከርሽ። ስታነቢ እርሳስ ያዢ። መጽሐፉ የራስሽ ከሆነ ጠርዙ ላይ፣ የሰው ወይም የኪራይ ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ላይ የተሰማሽን በሦስት ቃል ጻፊ። «ይህን አላመንኩም»፣ «እዚህ አለቀስኩ»፣ «ይህ ሰው የት ሄደ?» ስትጨርሺ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አንብቢው። በየአስፋልቱ ዳር ያገለገለ መጽሐፍ ስገዛ በጣም ደስ የሚለኝ የቀድሞ አንባቢ የጻፈበት ሲገኝ ነው፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ «ውሸት!» ብሎ የተቆጣ ሰው መጨረሻው አካባቢ ጸጥ ሲል። የሰው መጽሐፍ ላይ የሚጽፍ ግን እጁ ይሰበር።

ወደ ባልደረባሽ ልለፍ።

ይህ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከጋሼ ጉዳይ ጋር ስለ ደባለቅሽው ነው የከበደሽ። ሀዲስ ዓለማየሁ የአንቺን አስተያየት አይሰሙም፤ ባልደረባሽ ግን ነገ ምሳ ላይ ፊት ለፊትሽ ይቀመጣል። ምናልባትም እንደ ብዙዎቹ አዲስ ደራሲዎቻችን ከደመወዙ ቆጥቦና ተበድሮ በራሱ ወጪ ነው ያሳተመው፤ ያልተሸጠውም ቅጂ አልጋው ሥር ተደርድሮ ይሆናል። «የት ደረስሽ?» ሲልሽ ሒስ እየጠየቀሽ አይደለም። ያ ሁሉ ሌሊት የጻፈውን የሆነ ሰው በእርግጥ እያነበበው መሆኑን ማወቅ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የጠየቀሽን መልሺለት፤ «ገጽ 60 ላይ ነኝ፤ ቀስ እያልኩ ነው»። ይህ እውነት ነው፤ ከዚህ በላይም አልጠየቀሽም። «በጣም ደስ ይላል» የምትለዋን ግን አትጨምሪ፤ አንዴ ካልሻት በየቀኑ ልትደግሚያት ነው።

ረቂቁን ሰጥቶሽ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ጨው የሚቀመሰው ወጡ ምድጃ ላይ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ያለ ወዳጅ እንግዳ ፊት ያዋርዳል። ይህኛው ግን ቀርቧል። አሁን «ሦስተኛው ምዕራፍ ባይኖር ይሻል ነበር» ብትይው አውጥቶ ሊጥለው አይችልም። የሚጠቅመው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የፊደል ግድፈት ነው፤ ያየሽውን ሁሉ ከነገጹ መዝግበሽ ስጪው፤ ሁለተኛ እትም ካሳተመ ይጠቀምበታል፣ ካላሳተመም በጥንቃቄ ያነበበው ሰው መኖሩን ያያል። ሁለተኛው ከስልሳው ገጽ ውስጥ በእርግጥ የያዘሽ አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ንግግር፣ አንድ መንደር። ከሌለ አትፍጠሪ፤ ካለ ግን ስሙን ጠርተሽ ንገሪው። «አያትየዋ ገበያ ላይ የተናገሩት» ዓይነት ነገር ከ«ግሩም ነው» የበለጠ ደስ እንደሚለው አትጠራጠሪ።

ጎበዝ ከሆነና «እውነቱን ንገሪኝ» ብሎ ከያዘሽ አንድ ነገር ጠይቂው፦ «እንደ ጓደኛ ልንገርህ ወይስ እንደ አንባቢ?» እንደ አንባቢ ካለ ትልቁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፤ ያቆመሽን። «ገጽ 60 ላይ ቆምኩ፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ጀግናው ምን እንደሚፈልግ አላወቅኩም» ዓይነት። ትንንሾቹን አትደርድሪበት። በሥራ ባልደረቦቻችሁ ፊት አይሁን፤ ምሳ ጠረጴዛ ላይም አይሁን። ከሥራ መልስ እስከ ታክሲ ስትሸኛኙ ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች አይፋጠጡም፣ ቃል ቢያጥራችሁም መንገዱ አለ።

ልትጨርሺው ካልቻልሽስ? አትጨርሺው። ፊርማ ያለበት መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ግን «ጨረስኩት» አትበይው፤ ደራሲ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሲጠይቅ እንደ ጋሼ አይደለም፣ እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። «አልያዘኝም፤ ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ» በይው። ለጥቂት ቀን ምሳ ከሌላ ሰው ጋር ይበላ ይሆናል፤ ይመለሳል። ቤትሽ ከጠበበም መጽሐፉን ለአዟሪ እንዳትሸጪው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ያሳተመ ሰው በሜክሲኮም በአራት ኪሎም የአዟሪ ክምር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ገልጦ የሚያየው ደግሞ መጀመሪያ የፊርማውን ገጽ ነው።